ዲለር ሰርቪስ ስትገቡ ፍተሻውን ከቀጠሮ እስከ ደረሰኝ እንዴት ትከታተላላችሁ?

ለዘይት ብቻ ዲለር የገባ ሰው ቡናውን ጠጥቶ ሳይጨርስ በስልኩ ረጅም ዝርዝር ይላክለታል፦ ፍሬን፣ ባትሪ፣ ፊልትሮ፣ «ፍላሽ» (አሮጌ ፈሳሽን አጥቦ ማውጣት)፣ አላይመንት (የጎማን አቅጣጫ ማስተካከል)። ግማሹ ቀይ ነው። አንዱ ደንግጦ ሁሉንም ይፈቅዳል። ሌላው «ሌቦች ናቸው» ብሎ ሁሉንም ትቶ ይወጣና ፍሬኑ ብረት ለብረት እስኪፋጭ ይነዳል። ሁለቱም ይከስራሉ።

መመሪያው አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትነዱ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ ሕግ ነክ የሆነውን ከራሳችሁ ስቴት አረጋግጡ፤ የቀረው አካሄድ አይለወጥም። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ ልኬት ያልተጻፈበትን ሥራ አትፍቀዱ፤ ልኬቱ የሚያስፈራ ከሆነ ደግሞ አትከራከሩ።

1ኛ ደረጃ፦ የትኛውን ፍተሻ እንደምትፈልጉ ለዩ

አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሣው ሦስት የተለያዩ ፍተሻዎች ስለሚምታቱ ነው።

ማልቲ ፖይንት ኢንስፔክሽን፦ ከዘይት ቅየራ ጋር ብዙ ጊዜ በነጻ የሚሠራ ነው። መካኒኩ መኪናውን በሊፍት ያነሣል፣ የፍሬን ሸራና ጎማ ይለካል፣ መብራትና ጡሩንባ ይሞክራል፣ ፈሳሾችን ያያል። በደቂቃዎች የሚያልቅ የዓይን ምርመራ ነው። ሞተር አይፈታም፤ ብዙ ጊዜም ረጅም ርቀት ተነድቶ አይሞከርም። የነጥቡ ብዛት አያስደንቃችሁ፤ የመስታወት መጥረጊያውም፣ ጡሩንባውም እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ ናቸው።

ዲያግኖስቲክ፦ ድምፅ፣ ንዝረት ወይም የበራ የሞተር መብራት ምክንያቱ ሲፈለግ ነው። ይህ ይከፈልበታል፤ ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰዓት የእጅ ዋጋ ነው። ድምፅ የሚያሰማ መኪና ይዛችሁ «ነጻ ኢንስፔክሽን አለ አይደል፣ እግረ መንገዳችሁን እዩት» ካላችሁ የሚፈለገው ነገር አይገኝም፤ ፈልጉ ተብሎ የታዘዘ ሰው የለማ።

የስቴት ኢንስፔክሽን፦ እንደ አገር ቤቱ ቦሎ ያለ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ለመደበኛ መኪና ዋጋው በስቴቱ የተወሰነ 20 ዶላር ነው። ሜሪላንድ የደኅንነት ፍተሻውን በዋናነት የምትጠይቀው ያገለገለ መኪና ባለቤት ሲቀይር ነው። ዲሲ ደግሞ ከግል መኪና የምትጠይቀው የጭስ ምርመራውን ነው።

እዚህ ላይ የክፍያውን ነገር እወቁ። ብዙ ዲለር ውስጥ መካኒኩ የሚከፈለው በዋለበት ሰዓት ሳይሆን በሠራው ሥራ በተተመነ ሰዓት ነው። ፍሬን ቅየራ 1.5 ሰዓት ተብሎ ከተተመነ፣ በ50 ደቂቃ ቢጨርሰውም የ1.5 ሰዓት ያገኛል። ለነጻው ፍተሻ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ፊት ለፊት የሚያነጋግራችሁ ሰርቪስ አድቫይዘር ደግሞ በአብዛኛው ከሚሸጠው ሥራ ኮሚሽን አለው። ይህ ማለት ሁሉም ይዋሻል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ያዩትን ነው የሚጽፉት። ዝርዝሩ ግን የሐኪም ውጤትም የሻጭ ዋጋ ማቅረቢያም ነው፤ ሁለቱን ለይቶ ማንበብ የእናንተ ሥራ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ ከቀጠሮው በፊት ቤት ውስጥ ተዘጋጁ

ሪኮል፣ ማለትም አምራቹ ለታወቀ ጉድለት መኪናውን መልሶ የሚጠራበት የጥገና ጥሪ፣ እንዳለ ፈትሹ። ቪን የሚባለውን 17 ፊደልና ቁጥር ከሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወት ሥር ወይም ከበሩ ጠርዝ ላይ ካለው ተለጣፊ ቅዱ። የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የኤንኤችቲኤስኤ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። ክፍት ሪኮል ካለ ዲለሩ በነጻ የመሥራት ግዴታ አለበት፤ መኪናውን ከሌላ ሰው መግዛታችሁ ለውጥ የለውም። በተለይ የቆዩ ሆንዳና ቶዮታ የምትነዱ ይህን አትዝለሉ። ታካታ በተባለው ኩባንያ ኤርባግ ምክንያት የወጣው ሪኮል ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጉ የኤርባግ መንፊያዎችን የነካ ነው፤ ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩ አንዳንድ ሆንዳና አኩራዎች ደግሞ «እስኪጠገኑ ጨርሶ አትንዱ» ተብሎባቸዋል።

የመኪናውን የሰርቪስ መጽሐፍ አውጡ። ከጠፋ ከአምራቹ ድረ ገጽ በነጻ ይወርዳል። አሁን ባላችሁበት ማይል ምን እንደሚጠይቅ የሚያሳየውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሡ። ዲለሩ የሚያወጣው የራሱ «ፓኬጅ» እና የአምራቹ ሠንጠረዥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለምሳሌ 0ደብልዩ-20 ዘይት የሚጠቀሙ ብዙ ቶዮታዎች መጽሐፋቸው 10,000 ማይል ወይም 12 ወር ይላል፤ መስታወቱ ላይ የሚለጠፍላችሁ ወረቀት ግን 5,000 ሊል ይችላል። ኡበር፣ ሊፍት ወይም ዴሊቨሪ የምትሠሩ ግን ልብ በሉ፦ ሞተር ሳይጠፋ ረጅም ጊዜ መቆምና በዝግታ ብዙ መንዳት መጽሐፉ ራሱ ከበድ ያለ አጠቃቀም ብሎ የመደበው ነው፤ ለእናንተ 5,000 ትክክል ነው።

ሆንዳ ያላችሁ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ የሚወጣውን ኮድ ጻፉ። «ኤ» ዘይት ነው፣ «ቢ» ዘይትና ፍተሻ። ቁጥሮቹ፦ 1 ጎማ ማዟዟር፣ 2 የአየር ፊልትሮዎች፣ 3 የካምቢዮ ዘይት፣ 4 ካንዴላ፣ 5 የራዲያተር ፈሳሽ፣ 6 የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት፣ 7 የፍሬን ዘይት። ዳሽቦርዱ «ኤ1» ብሎ እያለ አድቫይዘሩ የካምቢዮ ዘይት ካነሣ፣ ከየት እንዳመጣው ጠይቁት።

ዋራንቲያችሁን እወቁ። ቶዮታ ለሞተርና ለካምቢዮ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ይሰጣል፤ ሂዩንዳይ ለመጀመሪያ ባለቤት 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል። ለቶዮታ ሃይብሪድ ባትሪ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ነው፤ ከዚያ በፊት 8 ዓመት ወይም 100,000። ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭስ ማጣሪያው) ሲበላሽ ደግሞ በፌዴራል ሕግ 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል የሚሸፍን ዋስትና አለ። ይህን ሳያውቁ ከኪሳቸው የከፈሉ ብዙ ናቸው።

የጎማ መቆለፊያ ቡሎን ቁልፍ ፈልጉ። ትንሽ ናት፤ ከመለዋወጫ ጎማው አጠገብ ወይም ጓንቲ ማስቀመጫው ውስጥ ትገኛለች። አውጥታችሁ ወንበር ላይ አስቀምጧት። እሷ ከሌለች ጎማው አይወልቅም፤ ጎማው ካልወለቀ የውስጥ ሸራው በደንብ አይለካም፣ ሪፖርቱም ግምት ይሆናል።

ችግሩን በስልክ ቅረጹ። «አንዳንዴ ይጮኻል» ማለት ምንም አይጠቅምም። ጠዋት ሲነሣ ነው? በ45 ማይል ፍጥነት ነው? ፍሬን ሲያዝ ነው? ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ነው? ድምፁ ሞተር ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ መኪናውን ማታ አስረክባችሁ እዚያ ይደር፤ እየነዳችሁ ሄዳችሁ ካደረሳችሁት ሞተሩ ሞቆ ድምፁ ይጠፋል፣ ወረቀቱም «ችግር አልተገኘም» ይላል።

3ኛ ደረጃ፦ ስታስረክቡ

ሥራ በሚበዛበት ቅዳሜ ከመሄድ በሥራ ቀን ጠዋት የመጀመሪያውን ቀጠሮ ያዙ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ቁልፍ ከመስጠታችሁ በፊት አራቱንም ጎን፣ ቸርኬዎቹንና ዳሽቦርዱን ከነማይሉ ፎቶ አንሡ።
2. የቤት ቁልፋችሁን ከመኪናው ቁልፍ አላቅቁ። ገንዘብና ሰነድ መኪና ውስጥ አትተዉ።
3. የመጣችሁበትን ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «ዘይት፣ ጎማ ማዟዟር፣ ማልቲ ፖይንት።» ከዚህ ውጭ ያለ ሥራ ሳታውቁ እንዳይጀመር በግልጽ አስጽፉ።
4. በጽሑፍ የዋጋ ግምት ጠይቁ። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም የጽሑፍ ግምት ከተሰጣችሁ በኋላ ያለፈቃዳችሁ ከ10 በመቶ በላይ አስበልጦ ማስከፈል አይቻልም። ግምቱን ካልጠየቃችሁ ግን ይህን መከራከሪያ ራሳችሁ ጣላችሁት።
5. የተቀየረ ዕቃ አሮጌው እንዲመለስላችሁ አሁኑኑ አስጽፉ። ሥራው ካለቀ በኋላ ብትጠይቁ ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል። በዋራንቲ የተቀየረና ለአምራቹ የሚመለስ ዕቃ ላይሰጣችሁ ይችላል፤ በዓይናችሁ ማየት ግን ትችላላችሁ።
6. የልኬት ውጤቱ በቴክስት ወይም በኢሜይል እንዲላክ ጠይቁ።

የመጨረሻዋን አትናቁ። ስልክ ሲደወል እንግሊዝኛው ይፈጥናል፣ ጀርባው ላይ የጋራዥ ጫጫታ አለ፣ እኛም በባህላችን መስማታችንን ለመግለጽ «ኦኬ፣ ኦኬ» እንላለን። አድቫይዘሩ ያንን እንደ ፈቃድ ይመዘግበዋል። ቴክስት ሲሆን ተረጋግታችሁ ታነባላችሁ፣ ለሚያውቅ ሰው ትልካላችሁ፣ ማስረጃም ይሆናችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ በታብሌት ፈርሙ ሲሏችሁ የፊርማውን ሣጥን ብቻ አትዩ፤ ወደ ላይ ግፉና ገንዘቡንና የሥራውን ዝርዝር አንብቡ። የዲያግኖስቲክ ክፍያ ካለ፣ ጥገናውን እዚያው ብታሠሩ ይቀነስላችሁ እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

4ኛ ደረጃ፦ ሪፖርቱን አንብቡ

አረንጓዴ ደህና ነው፣ ቢጫ ይጠብቃል፣ ቀይ አሁን ይሠራ ነው። ቀለሙን የሚቀባው ሰው ነው፤ ስለዚህ ከቀለሙ አጠገብ ያለውን ቁጥር ፈልጉ። ቪዲዮ ከተላከላችሁ የሚታየው የእናንተ መኪና መሆኑን በሰሌዳው ወይም በቀለሙ አረጋግጡ።

ፍሬን

አዲስ የፊት ሸራ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ይሆናል። ከ5 በላይ ከሆነ ምንም አትነካኩ። 4 ወይም 3 ሲደርስ ገንዘብ ማዘጋጀት ጀምሩ። 2 ከሆነ አትከራከሩ፣ አሠሩት።

መቼ እንደሚያልቅ ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። 11 ሚሊሜትር ሆኖ የተነሣ ሸራ 40,000 ማይል ሄዶ 5 ከደረሰ 6 ሚሊሜትር አልቋል ማለት ነው፤ አንዱን ሚሊሜትር ለመጨረስ 6,700 ማይል ገደማ ፈጅቶበታል። 3 እስኪደርስ ገና 13,000 ማይል ይቀረዋል። «በቅርቡ ያልቃል» የተባለው ለብዙ ሰው የአንድ ዓመት መንገድ ነው። ለዚህ ስሌት ያለፈው ሪፖርት ያስፈልጋችኋል፤ ስለዚህ ወረቀት አትጣሉ።

ሦስት ነገር ደግሞ ጠይቁ። አንደኛ፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው? አንዱ 6 ሌላው 2 ከሆነ ሸራ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ወይም የሚንሸራተትበት ፒን አልንቀሳቀስ ብሏል፤ ያ ካልተፈታ አዲሱም ሸራ ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛ፣ ዲስኩ ለምን ይቀየራል? ዲስኩ ራሱ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊሜትር ተቀርጾበታል፤ የተለካው ስንት ነው በሏቸው። ሦስተኛ፣ ሃይብሪድ ነው? ሃይብሪድ ሲያቆም የኤሌክትሪክ ሞተሩ ኃይሉን መልሶ ወደ ባትሪ ስለሚሰበስብ ሸራው ከተራ መኪና እጅግ ይቆያል። በ30,000 ማይል የፕሪየስ ሸራ አለቀ ከተባላችሁ ቁጥሩንም ፎቶውንም አስልኩ።

ጎማ

በአሜሪካ የጎማ ጥርስ የሚለካው በኢንች 32ኛ ነው። አዲስ ጎማ 10/32 አካባቢ ነው። ሕጉ በአብዛኛው ስቴት 2/32 ላይ ያቆማል፤ እኔ ግን 4/32 ላይ እንድትቀይሩ እመክራለሁ፣ ከዚያ በታች ዝናብ ላይ ማቆም ይከብዳል። ቤት ውስጥ በሳንቲም ለኩት፦ ኳርተር ውስጥ ያለውን የዋሽንግተንን ጭንቅላት ወደ ታች አድርጋችሁ ጥርሱ መካከል ክተቱ፤ የጭንቅላቱ ጫፍ ከታየ 4/32 ደርሷል። በፔኒ የሊንከን ጭንቅላት ሙሉ ከታየ 2/32 ነው። ከውጭ፣ ከመሐልና ከውስጥ ለኩ። አንዱ ጠርዝ ብቻ ከተበላ አላይመንት ያስፈልጋል፤ እኩል ከተበላና መኪናው ወደ ጎን ካልሳበ ግን አላይመንት ለምን እንደሚሸጥላችሁ ጠይቁ።

«ጎማው አርጅቷል» ከተባላችሁ ጎኑ ላይ «DOT» (ዶት) ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር መጨረሻ አራት አኃዝ እዩ። 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ናይትሮጅን ይሞላ ቢሏችሁ ተራ አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን መሆኑን አስታውሱና እለፉት።

ባትሪ

የባትሪ ሪፖርት ከመሣሪያ የሚወጣ ትንሽ ወረቀት ስላለው እሱን ጠይቁ። ሁለት ቁጥር ይይዛል፦ ባትሪው ላይ የተጻፈው የማስነሣት ኃይልና የተለካው። የተጻፈው 550 ሆኖ የተለካው 520 ከሆነ ደህና ነው፤ 310 ከሆነ ክረምት ከመግባቱ በፊት ቀይሩት። ጥርጣሬ ካላችሁ አውቶዞንና መሰል የመለዋወጫ ሱቆች በነጻ ይለኩላችኋል።

ፈሳሾችና «ፍላሽ»

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። የሞተር ፍላሽ፣ የኢንጀክተር (የነዳጅ መርጫ) እጥበትና ነዳጅ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ ብዙ ጊዜ በአምራቹ ሠንጠረዥ ውስጥ የሉም። ፎቶ ያነሣችሁትን ገጽ አሳዩና «የቱ ጋ ነው የተጻፈው?» በሉ። የመሪ ዘይት ፍላሽ ከቀረበላችሁ ደግሞ መጀመሪያ መኪናችሁ የመሪ ዘይት እንዳለው አረጋግጡ! ኮሮላ ከ2009፣ ካምሪ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ መሪያቸው በኤሌክትሪክ ነው፤ የሚታጠብ ዘይት የላቸውም።

የፍሬን ዘይት ግን ቀልድ አይደለም፤ እርጥበት ይስባል። ሆንዳ በየ3 ዓመቱ ቀይሩ ይላል። የራዲያተር ፈሳሽ በብዙ ቶዮታ መጀመሪያ የሚቀየረው በ100,000 ማይል ነው፣ ከዚያ በየ50,000። በ40,000 ከተጠየቃችሁ ምክንያቱ ይነገራችሁ።

ፊልትሮ

የካቢን ፊልትሮ ቆሻሻ ሆኖ ቢያሳዩአችሁ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በአብዛኛው መኪና ከጓንቲ ማስቀመጫው በስተኋላ ያለ፣ በ20 ዶላር አካባቢ ተገዝቶ ያለ መፍቻ የሚቀየር ዕቃ ነው። እቤት ሥሩት። ሃይብሪድ የምትነዱ የባትሪው ማቀዝቀዣ አየር የሚገባበትን ቀዳዳም እዩ፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር ጎን ወይም ሥር ነው። ተሳፋሪ ቦርሳና ጃኬት ይከምርበታል፣ ፊልትሮው አቧራ ይይዛል፣ ባትሪው ይግላል። ኡበር የምትሠሩ ይህ ቢጻፍላችሁ በደስታ አስጠርጉት።

የዘይት መፍሰስ

ላብ መሰል እርጥበትና ጠብታ አንድ አይደሉም። ሁለቱንም ግን ሪፖርቱ «ሊክ» ሊላቸው ይችላል። ጠብታ ከሌለ ቀኑን ጻፉና ማታ ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ጊዜ አላችሁ፤ ቡናማ ወይም ቀይ ጠብታ ካለ ፎቶ አንሥታችሁ ተመለሱ። በበጋ ከኤሲ የሚንጠባጠብ ንጹሕ ውኃ ችግር አይደለም።

ኩሽኔታ፣ አሞርዛተር፣ ቦል ጆይንት (ጎማው የሚዞርበት የብረት መገጣጠሚያ)

እዚህ ቁጥር ስለሌለ በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ሊፍት ሥር መቆም በኢንሹራንስ ምክንያት ሊከለከል ስለሚችል ጎማውን ሲነቀንቁት የሚያሳይ ቪዲዮ ጠይቁ። የላላ ነገር ቪዲዮ ላይ በግልጽ ይወዛወዛል።

5ኛ ደረጃ፦ ሲደወልላችሁ

ወዲያው አትመልሱ። «ሁሉንም በቴክስት ላክልኝ፣ በ20 ደቂቃ እመልስልሃለሁ» በሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሥራ እነዚህን ጠይቁ፦ ልኬቱ ስንት ነው? አምራቹ የሚለው ዝቅተኛ ስንት ነው? ዕቃው ኦሪጅናል ነው? ከታክስና ከ«ሾፕ ሰፕላይ» (ለጋራዡ ጥቃቅን አላቂ ዕቃዎች) ክፍያ ጋር በድምሩ ስንት ነው? በዋራንቲ ይሸፈናል?

«ዛሬ ካላሠራችሁ ዋራንቲው ይሰረዛል» ከተባላችሁ ስህተት ነው። ማግነሰን ሞስ የሚባለው የ1975ቱ የፌዴራል ሕግ፣ አምራቹ በነጻ ካልሰጠ በቀር ሰርቪሱን እዚያው ዲለር ካላሠራችሁ ብሎ ዋራንቲ መከልከልን አይፈቅድም። ሌላ ጋራዥም ብታሠሩ፣ በሰዓቱ ማሠራታችሁን የሚያሳይ ደረሰኝ ቀኑንና ማይሉን ይዞ ይኑራችሁ። ደረሰኝ የሌለው ሰው በዚህ ሕግ ለመጠቀም ይቸገራል።

6ኛ ደረጃ፦ ወስኑ

ዛሬ፣ እዚሁ፦ ሸራው 2 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች፣ ሽቦው የታየ ወይም ጎኑ ያበጠ ጎማ፣ የላላ መሪ ወይም ቦል ጆይንት፣ የነዳጅ መፍሰስ። እዚያ ማሠራት ካልፈለጋችሁ በሎቤድ አስወስዱት እንጂ ልጆች ጭናችሁ በ495 ፈጣን መንገድ አትንዱት።

ዋጋ አወዳድራችሁ፦ 3 እና 4 ሚሊሜትር ሸራ፣ ደካማ ባትሪ፣ 4/32 ጎማ፣ ጠብታ የሌለው እርጥበት። ሪፖርቱን ይዛችሁ የምታምኑት ጋራዥ ሂዱ። ከዲለሩ ጋርም ተደራደሩ፤ ብዙዎቹ ድረ ገጻቸው ላይ ኩፖን አላቸው፣ ሳትጠይቁ ግን አይነግሯችሁም።

አይሆንም፦ በመጽሐፉ የሌለ ፍላሽ ሁሉ። ያልፈቀዳችሁት ሥራ ደረሰኙ ላይ «ዲክላይንድ» (ደንበኛው አልፈቀደም) ተብሎ ይጻፋል፤ አትፍሩት፣ ልኬቱም አብሮ እንዲጻፍ ግን ጠይቁ።

በቨርጂኒያ የስቴት ኢንስፔክሽን የወደቀ መኪና ውድቅ የሚል ስቲከር ይለጠፍበታል፤ 15 ቀን አላችሁ። ወድቃችሁበት እዚያው ማሠራት ግዴታ አይደለም። ሌላ ቦታ አስጠግናችሁ በ15 ቀን ውስጥ እዚያው ጣቢያ ከተመለሳችሁ ድጋሚ ፍተሻው 1 ዶላር ነው።

7ኛ ደረጃ፦ ስትረከቡ

ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኙን ከግምቱ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ። ከዚያ ግቢውን ሳትለቁ፦

1. ኮፈኑን ከፍታችሁ የዘይቱን መጠን በዲፕስቲክ እዩ፤ ክዳኑ መጥበቁን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ።
2. ከሥር ያለው ፕላስቲክ ሽፋን እንዳልተንጠለጠለ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ።
3. የጎማ ቡሎን ቁልፏ መመለሷን አረጋግጡ።
4. ፎቶዎቹን እያያችሁ መኪናውን ዙሩ፤ አዲስ ጭረት ካለ እዚያው አድቫይዘሩን ጥሩ። ከግቢው ከወጣችሁ በኋላ ማስረዳት ይከብዳል።
5. ደረሰኙን ፎቶ አንሡ፤ አንዳንዱ ወረቀት በጥቂት ወራት ይለቃል።

ጎማ ከወለቀ ከ50 እስከ 100 ማይል በኋላ ቡሎኖቹን በቶርክ መፍቻ (የጥበቃውን ልክ በሚለካ መፍቻ) አስፈትሹ። በማግስቱም ጠዋት ከሞተሩ ሥር መሬቱን እዩ፤ በደንብ ያልጠበቀ የዘይት ቡሎን በአንድ ሌሊት ራሱን ያጋልጣል። ዘይት ካያችሁ ሞተሩን አታስነሡ። ደውላችሁ እነሱ በራሳቸው ወጪ እንዲወስዱት ጠይቁ።

8ኛ ደረጃ፦ ነገር ሲበላሽ

ሳትፈቅዱ ሥራ ተሠርቶ ከጠበቃችሁ፦ ፈቃዱን ያሳዩኝ በሉ፤ ፊርማ፣ ቴክስት ወይም የተደወለበት ሰዓት። ካልተገኘ ያንን መስመር እንዲሰርዙ ሰርቪስ ማኔጀሩን አነጋግሩ። አድቫይዘሩ ጋ መጮህ አይጠቅምም፤ ብዙ ጊዜ ዋጋ የመሰረዝ ሥልጣን የለውም።

ካልከፈላችሁ መኪናው አይወጣም ቢሉ፦ በሠሩት ልክ መኪናውን የመያዝ መብት ሊኖራቸው ይችላል። ተለዋጭ ቁልፍ ይዛችሁ ለመውሰድ አትሞክሩ። በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፣ በደረሰኙ ላይ በተቃውሞ እንደከፈላችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ፣ ቅጂ ያዙ። ከዚያ ለካርድ ኩባንያው ክርክር ክፈቱ። ዴቢት ወይም ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ይህ በር በጣም ይጠባል።

የተጠገነው ችግር ከተመለሰ፦ ሌላ ጋራዥ እንዲነካው አታድርጉ። መጀመሪያ ለሠራው ዲለር መልሱ፤ ሌላ ሰው ከፈታው «እነሱ ያበላሹት ነው» ይባላል። የሚመለስበት ቀንና ማይል በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ይሁን፤ አዲስ መኪና ከሆነና ያው ችግር ደጋግሞ ከመጣ የስቴታችሁን የሌመን ሕግ (ደጋግሞ የሚበላሽ አዲስ መኪና የገዛን ሰው የሚጠብቅ ሕግ) ለመጠቀም የሚያስፈልጋችሁ ይኸው ነው።

ዲለሩ እንቢ ካለ፦ ለአምራቹ የደንበኞች መስመር ደውላችሁ የመዝገብ ቁጥር ውሰዱ። ከዚያ በስቴታችሁ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ለሸማቾች ጥበቃ ክፍል ቅሬታ አስገቡ፤ በኢንተርኔት ይሞላል፣ ክፍያ የለውም። ግምቱን፣ ደረሰኙን፣ ቴክስቶቹንና ፎቶዎቹን በቀን ቅደም ተከተል አያይዙ። ካልተሳካ አነስተኛ ክስ የሚታይበት ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ መሄድ ይቻላል፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እስከ 5,000፣ በዲሲ እስከ 10,000 ዶላር ድረስ ይቀበላል።